24 የሚለው ቁጥር ዓመት አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ አንዲት ትንሽ የፖላንድ የብር ሳንቲም ነው የማወራችሁ፤ ስሟ ፑውቶራክ ይባላል። ከድሮ የፖላንድ ሳንቲሞች ጀማሪ ሰብሳቢ እጅ ቶሎ የምትገባው እሷ ናት።

ስፋቷ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስስ ናት፣ ክብደቷም ከ1 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። በአንዱ ፊቷ ዘውድ የተደፋበት ጋሻ አለ፤ በውስጡ የፖላንድ ንስርና የሊትዌኒያ ፈረሰኛ፣ ከግርጌው ደግሞ 3 ቁጥር። ስትገለብጧት መስቀል የቆመበት ሉል ታያላችሁ፣ ሉሉ ውስጥ 24 ተጽፏል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 24ን ያይና "በቃ፣ የ1624 ናት" ይላል። አይደለችም! 24 ማለት የአንድ ታለር 24ኛ እጅ ናት ማለት ነው። ታለር የኛዋ ማርትሬዛ የወጣችበት የትልልቅ የብር ገንዘቦች ዘር ነው። 3ቱም ሦስት ግማሽ ግሮሽ ነው (ግሮሽ የዚያ ዘመን የፖላንድ ገንዘብ ነው)፣ አንድ ተኩል ግሮሽ መሆኑ ነው። ዓመቱን ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ፈልጉት፤ በግራ 2፣ በቀኝ 3 ካለ እ.ኤ.አ. 1623 ነው።

በጋሻው ዙሪያ ያለው አጠር አጠር ያለ ላቲን ሲፈታ "ሲጊስሙንድ 3ኛ፣ በእግዚአብሔር ጸጋ የፖላንድ ንጉሥ፣ የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን" ይላል። እስከ 1632 የነገሠው ማለት ነው። ሳንቲሟ ግን የተመታችው ከ1614 እስከ 1627 ነው፣ በብዛትም በቢድጎሽች ከተማ።

አደራ፣ ስሙን ሳታነቡ የፖላንድ ናት እንዳትሉ። ስዊድኖች በ1621 ሪጋን፣ የዛሬዋን የላትቪያ ዋና ከተማ፣ ከያዙ በኋላ እዚያው ይቺኑ የምትመስል ሳንቲም መቱ፤ ሉሉም አለ፣ 24ቱም አለ፣ ስሙ ግን የስዊድኑ ንጉሥ የጉስታቭ አዶልፍ ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት ብሩ እየቀነሰ መዳቡ እየበዛ ስለሄደ፣ ቀላ ብላ ብታገኟት ፎርጅድ ናት ብላችሁ አትጣሏት። በሎሚና በጥርስ ሳሙናም አትፈትጓት፣ እባካችሁ! ፊደሎቿ ጥልቀት የላቸውም፣ እነሱ ከጠፉ የማን እንደሆነች የምትነግረን ዋናው ነገር አብሮ ይጠፋል።

ዋጋዋን ለምትጠይቁኝ፣ በጣም ብዙ ስለተመታች ውድ አይደለችም። እኔ የምወዳትም ለዚህ ነው፤ 400 ዓመት የሞላው ብር ተራ ሰው ገዝቶ በእጁ ሊይዘው ይችላል።

ጠረጴዛው ላይ ማጉያ መነጽርና ሚዛን አለ። ያመጣችሁትን ይዛችሁ ኑ፣ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ያለውን ቁጥር በማንበብ እንጀምራለን።