ጠጁ በሊትር፣ ቢራው በአውንስ

እንደምን አመሻችሁ! ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብዙ አላስቆያችሁም። ሁለት ጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ። አትጓጉ፣ አንዱም አይከፈትም። ለማሳያ ናቸው።

ይሄኛው ከአገር ቤት የመጣ ቢራ ነው። ይሄኛው ደግሞ እዚሁ አሜሪካ የተጣለ ጠጅ። ፊት የተቀመጣችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ጠጁ «750 ሚሊ ሊትር» ይላል። ቢራው «11.2 ፈሳሽ አውንስ» ይላል፤ አውንስ አሜሪካኖች ፈሳሽ የሚለኩበት ነው። ሁለቱንም ያነሳኋቸው ከአንድ መደርደሪያ ነው። ልመናዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ሌብል የምታሳትሙ ሁሉ፣ ሚሊ ሊትሩንም አውንሱንም፣ ሁለቱንም ጻፉ። በቃ፣ ይኸው ነው። የቀረው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ አስመጪ ዘንድ እሠራ ነበር። አንድ ኮንቴይነር ቢራ ገባ። ሌብሉ ያማረ ነው፤ መጠኑ ግን «33 ሳንቲ ሊትር» ብቻ። እንዲህ ሆኖ እዚህ አገር አይሸጥም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስካሁን ያከራክረናል። የላከው ሰው ነው ያሉ ነበሩ። ሌብሉን ሳናይ ዝም ያልነው እኛው ነን ያሉም ነበሩ፤ እኔ ከነዚህ ወገን ነኝ። ያም ሆነ ይህ፣ ስቲከር አሳትመን ሦስት ቀን መጋዘን ውስጥ ቁጭ አልን። ሳጥን መክፈት፣ ጠርሙስ ማውጣት፣ መወልወል፣ መለጠፍ፣ መመለስ። ጠርሙሱ ላብ ካወጣ ስቲከሩ ይንሸራተታል፤ እንደገና ትወለውላለህ። ማታ እራት ስቀርብ ጣቴ ላይ የቀረው ሙጫ እንጀራ አላስቆርስ ብሎኝ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው። መጠጥ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ቲቲቢ የምንለው፣ ወይንና ጠንካራ መጠጥ በሜትሪክ፣ ማለትም በሊትርና በሚሊ ሊትር፣ ይጻፍ ይላል። ቢራ ግን በአሜሪካ በተለመደው መለኪያ፦ በአውንስ፣ በፓይንት፣ በኳርት፣ በጋሎን። ሌላውን ከጎን መጨመር ይቻላል። ዋናውን መተው ግን አይቻልም።

ድሮ ወይኑም ውስኪውም በጋሎን ነበር የሚቆጠረው። የተለመደው የውስኪ ጠርሙስ «ፊፍዝ» ይባል ነበር፤ የጋሎን አንድ አምስተኛ ማለት ነው፣ 757 ሚሊ ሊትር ገደማ። ከዚያ ለወይን ከ1979፣ ለጠንካራ መጠጥ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜትሪክ ግዴታ ሆነ። ፊፍዙ 750 ሆነ። 7 ሚሊ ሊትር ቀረች፣ ማንም አላለቀሰላትም። የግማሽ ጋሎኑ ቦታ ላይ ግን 1.75 ሊትር መጣ፤ ድሮ 1.89 ነበር። ይሄ እንኳ ትንሽ ያሳዝናል፣ ጥቂት መለኪያ ይወጣዋል። ሊከር ስቶር የምትሠሩ ታውቃላችሁ፤ ዛሬም ሸምገል ያለ ደንበኛ ገብቶ «ፊፍዝ ስጠኝ» ይላል። ጠርሙሱ ከገበያ ከወጣ አርባ ዓመት አልፎታል።

ቢራን ግን ማንም አልነካውም።

አሁን የምነግራችሁን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ። የአሜሪካ ጋሎን ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከእንግሊዝ የወይን ጋሎን ነው። በንግሥት አን ዘመን፣ በ1707፣ 231 ኪዩቢክ ኢንች ተብሎ ተደነገገ። ቢራ ያኔ የራሱ ጋሎን ነበረው፤ ተለቅ ያለ፣ 282 ኪዩቢክ ኢንች። እንግሊዞች በ1824 ሁለቱንም ትተው አንድ አዲስ ጋሎን አወጡ። አሜሪካ የወይኑን ይዛ ቀረች። እንግዲህ አስቡት፤ ዛሬ ወይኑ የገዛ ጋሎኑን ጥሎ ወደ ሊትር ሄዷል። የወይኑን ጋሎን ተሸክሞ የቀረው ቢራው ነው። ለንደን ያለው የአጎቴ ልጅ «አንድ ፓይንት ጠጣሁ» ሲለኝም እኔ የማስበውን አይደለም የጠጣው። የሱ 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ የኔ 473።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግማሽ ሊትር የሆነ የጀርመን ቢራ ሌብል አይታችሁ ታውቃላችሁ? 500 ሚሊ ሊትር 16.9 አውንስ ነው። ግን ከአንድ ፓይንት፣ ማለትም ከ16 አውንስ፣ ስላለፈ እንዲያ ተብሎ ብቻ አይጻፍም። «1 ፓይንት ከ0.9 አውንስ» ይባላል። ይህን አንብቦ ምን ያህል ቢራ እንደያዘ የሚገባው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ጠጅ የምትጥሉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ጠጃችሁ 7 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ካለው በቲቲቢ የወይን ሌብል ደንብ ይገዛል፤ ሜትሪክ ግዴታ ነው። ቀለል ብሎ ከ7 በመቶ በታች ከሆነ ግን የሌብሉ ነገር ወደ ምግብ ደንብ ይሄዳል። እዚያ ሁለቱንም፣ አውንሱንም ሚሊ ሊትሩንም መጻፍ አለባችሁ። ቀረጡስ? ቀረጡ በጋሎን ነው። በሊትር የሞላችሁትን በጋሎን ታስመዘግባላችሁ። አምስት ባለ 750 ጠርሙስ 3.75 ሊትር ነው፤ አንድ ጋሎን 3.785። ጭላጭ ይጎድለዋል። ያቺን ጭላጭ በሺህ ጠርሙስ አባዟትና የሒሳብ ሠራተኛችሁ ለምን እንደሚያማርር ይገባችኋል።

አሜሪካኖችን አውንሳቸውን አንለቅም ስላሉ አልፈርድባቸውም። እኛስ ብንሆን? አገር ቤት ጠርሙሱ ላይ ያለው ሚሊ ሊትር ነው። ጠጅ ቤት ገብቶ ግን ማን ሚሊ ሊትር ያዛል? ብርሌ ነው። ድራፍት ቤት ጃምቦ ነው። አረቄ ቤትማ ብርጭቆው ራሱ «መለኪያ» ነው የሚባለው፤ መጠኑ ከቤት ቤት ቢለያይም ስሙ መለኪያ ነው። ሰው የለመደውን አይለቅም። ለዚህ ነው አንዱን አጥፉ ያላልኳችሁ።

ባለፈው አንድ ጋሼ ሱቅ መጡ። ጠጁን አነሱ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላብጠው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ሐኪሜ በቀን አንድ ብርጭቆ ብቻ፣ እሱም 5 አውንስ ብሎኛል። ይሄ ስንት ነው?» አሉኝ። እዚህ አገር ሐኪሞች አንድ መጠጥ ብለው የሚቆጥሩት 12 አውንስ ቢራ ነው፤ ወይን ከሆነ 5፣ ጠንካራ መጠጥ ከሆነ 1.5። ምክሩ በአውንስ፣ ጠርሙሱ በሚሊ ሊትር። ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። 25.4። አምስት ብርጭቆ፣ ያውም ጠጁ ከወይን ካልበረታ።

«አምስት ቀን ማለት ነዋ» አሉ።

የተከፈተ ጠጅ አምስት ቀን የሚቆይበት ቤት ካለ አሳዩኝ። ግን ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። መልሱ እኔ ስልክ ላይ ሳይሆን ጠርሙሱ ላይ መሆን ነበረበት።

ወጪው ምንድነው? ሌብሉ ገና ሲነደፍ ከሆነ ምንም። ዲዛይነሮቻችሁ ቦታ የለም ይሏችኋል። አለ። ይሄን ጠጅ እዩት፤ ከወርቃማው ጌጥ ሥር ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለው። «25.4 ፈሳሽ አውንስ» እዚያ ቁጭ ትላለች። ቢራ የምታስመጡም አገር ቤት ከመታተሙ በፊት ንገሯቸው። 330 ሲሆን 11.2፣ 355 ሲሆን 12። ኮንቴይነሩ ከደረሰ በኋላ ግን ሙጫውና መጋዘኑ ይጠብቃችኋል።

ቁጥሮቹን አንድ ወረቀት ላይ አትሜያቸዋለሁ፤ ኋላ ጠረጴዛው ላይ አሉ፣ ውሰዱ። ጠርሙሶቹን ግን እዚሁ ተዉልኝ። የተዋስኳቸው ናቸው፣ ባለቤቱ ነገ ጠዋት ይጠይቀኛል። አመሰግናለሁ።