8 ሚሊ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ደብረ ማርቆስ ግቢያችን ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ ተቀምጬ ነው የምቀዳው። ዶሮ ከተሰማችሁ የጎረቤት ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ላንድክሩዘር 80ዬን ከፍ ላደርገው ተነሳሁ። ምክንያቴ እናቴ ናት። ዘመዶቿ ዲጓ ጽዮን ናቸው፣ መንገዱ ደግሞ የጮቄን ተራራ አቋርጦ ነው። በክረምት የሄደበት ሰው ያውቀዋል። አይሱዙ የቆፈረው የጎማ ፈለግ ይጠልቃል፣ መሀሉ እንደ ድብ ጀርባ ጉብ ብሎ ይቀራል። አምና መርገጫውን አጣሞብኛል። እማዬ ከኋላ ተቀምጣ የመኪናው ሆድ መሬት ሲያሽ በሰማች ቁጥር "በስመአብ" ትል ነበር።

አንድ ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ። እንዲህ ባለ መኪና ላይ ሞላ መቀየር ዲፈረንሻሉን፣ በጎማዎቹ መሀል ዝቅ ብሎ የሚታየውን ድቡልቡል ብረት፣ ከመሬት አያርቀውም። ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ሞላው ግራና ቀኝ ጎማን በሚያገናኘው አክስል ላይ ተቀምጦ ሻንሲውን፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ ነው የሚያነሳው። አክስሉን ራሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማው በቁመት 5 ሴንቲ ቢጨምር አክስሉ ከፍ የሚለው 2 ሴንቲ ተኩል ነው። የሞላው ጥቅም ሌላ ነው። ትልቁ ጎማ ሳይነካ ይገባል፣ ሆዱም ጉብታውን ያልፋል።

2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ከፍ የሚያደርግ ሞላ አስመጣሁ። ሞላውንና አሞርዛተሩን መቀየር ግማሽ ቀን አልፈጀም። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ አክስሉ ሲንጠለጠል እንዳይወጠር አየሁ፣ ይበቃል። ጎማዎቹን መለስኩ፣ ከክሪክ አወረድኩት፣ ፊት ለፊት ቆሜ አየሁት።

ደስ አላለኝም። የግራው ጎማ ከፓራፋንጎው ወጣ ብሏል፣ የቀኙ ገባ ብሏል።

ጎረቤታችን ግንበኛ ነው። ቱምቢውን፣ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትን ክር፣ ተዋስኩ። ከፓራፋንጎው ጫፍ ክሩን ወደ ጎማው ለቀቅኩና በሁለቱም በኩል ለካሁ። ልዩነቱ 16 ሚሊ ሆነ። እዚህ ላይ አትደንግጡ። በአንዱ በኩል የተጨመረው በሌላው በኩል ስለሚቀነስ፣ አክስሉ የሄደው ግማሹን ብቻ ነው። 8 ሚሊ።

ለምን ሄደ? ከሻንሲው ግራ ተነስቶ ወደ አክስሉ ቀኝ የሚዘረጋ ዘንግ አለ፣ ፓናርድ ሮድ ይሉታል። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው እሱ ነው። ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላልን አስቡት። መሰላሉን ቀጥ ባደረጋችሁት ቁጥር እግሩ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። መሰላሉ አላጠረም፣ ቆመ እንጂ። ዘንጉም እንደዛው ነው። ሻንሲው ከፍ ሲል ዘንጉ ቀና ይላል፣ አክስሉንም ሻንሲው ላይ ወደታሰረበት ጎን፣ ወደ ግራ ይስበዋል። የኔ ጥፋት አልነበረም፣ የሞላውም አልነበረም። አንዱን ከፍ ስታደርጉ ሌላው የግድ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ባለሙያ ጠየቅኩ። "የዘንጉን ማሰሪያ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ አስፋና ጎትተህ አስገባው፤ ካልሆነም ተወው፣ ማን ያየዋል" አለኝ። ይሄ ነገር እስካሁን ያበሳጨኛል። በሰፋ ቀዳዳ ውስጥ ብሎኑ ይጫወታል። ብሎኑ ሲጫወት አንድ ጉድጓድ ብትመቱ የፊት ጎማዎቹ መርገብገብ ይጀምራሉ፣ መሪውን መያዝ ያቅታችኋል። ከደጀን ወደ አባይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የሚወረደው። እናቴን አሳፍሬ በሰፋ ቀዳዳ አልወርድም።

መፍትሄው ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጓደኛዬ አገኘልኝ፣ በአውቶቡስ ላከው። ከአሮጌው ጎን አስተኝቼ፣ ከቀዳዳ መሀል እስከ ቀዳዳ መሀል ለክቼ፣ 8 ሚሊ አስረዘምኩት። የሻንሲውን ጫፍ አሰርኩ። የአክስሉ ጫፍ ግን እምቢ አለ። ብሎኑ ግማሽ ቀዳዳ ብቻ ያያል። በብረት ዘንግ ገፋሁት፣ በጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ጎተትኩት። ጸሐይ አናቴ ላይ ናት፣ መዶሻው እጄ ላይ ነው። መምታት አማረኝ።

እማዬ ቡና ይዛ ወጣች። "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትታገለው?" አለች። ያኔ ትዝ አለኝ። ጎማው መሬት ላይ ቆሞ፣ ዘንጉ ካልታሰረ፣ መሪ ሲዞር ጎማው ቶሎ አይዞርም፣ አካሉ ነው ወደ ጎን የሚሄደው። የኋላ ጎማዎቹን ፊትና ኋላ በድንጋይ አስደገፍኩ፣ ማርሹን ፎሌ አደረግኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። እማዬን ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። መሪ ይዛ አታውቅም።

ከስር ገባሁ። "እማዬ፣ በጣም ቀስ ብለሽ ወደ ቀኝ አዙሪ።"

"ይሄን ያህል?"

"ትንሽ። ገና ትንሽ።"

ቀዳዳው ውስጥ የምትታየው ግማሽ ጨረቃ ስትሞላ አየኋት። መጀመሪያ እንደ ጥፍር፣ ከዚያ እንደ እንቁላል፣ ከዚያ ክብ።

"ያዢው! በቃ!"

ብሎኑ በጣቴ ገባ። በአውራ ጣት ብቻ። ከላይ ድምጿ መጣ፣ "ልልቀቀው ወይስ ልያዘው?" ሁለቱን እጆቿን መሪው ላይ አጥብቃ፣ ወደፊት አፍጥጣ፣ ጮቄን እየወጣች ያለች ነው የምትመስለው። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፣ እንደዛው ጠጣሁት።

ስትሰሩ አንድ ነገር አደራ። የዘንጉን ብሎን ዳዶ መጨረሻ የምታጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ሙሉ ክብደቱ አርፎ ነው። ተንጠልጥሎ ካጠበቃችሁት ጎሚኒው፣ ዘንጉ ጫፍ ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ቱምቢውን መልሼ ለካሁ፤ ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። መሪው ግን ተጣሞ ቀረ። ሰው መሪውን ነቅሎ ቀጥ አድርጎ ይመልሰዋል፤ አታድርጉት። ወደ ጎማው የሚሄደው የመሪ ዘንግ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች አላልቶ ዘንጉን ማዞር ነው፣ ቦታው እዚያ ነው። ኮንቨርጀንሳውን፣ የፊት ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ ያላቸውን ርቀት ልዩነት፣ በሜትር ካየሁ በኋላ በማሽን አስለካሁት።

ከዚያ በአስፋልቱ እስከ ሉማሜ ነዳሁ። ከመታጠፊያ ስወጣ መሪውን ላላ አደረግኩት። ድሮ ራሱ ይመለስ ነበር፤ አሁን ሰነፈ፣ እኔ መመለስ ነበረብኝ። ይሄ ካስተር ነው። ሻንሲው ከፍ ሲል አክስሉ ከሻንሲው ጋር በሚያያይዙት ረጃጅም ክንዶች ላይ ትንሽ ወደፊት ይዞራል፣ ጎማው ራሱን የሚያቀናበት ማዕዘን ይቀንሳል። ቀዳዳቸው ከመሀል ዞር ያለ ጎሚኒዎች አሉ፣ እነሱ ይመልሱታል። ፕሬስ ስለሚፈልጉ ጋራዥ ወስጄ አስገባኋቸው። በዚያው መንገድ ስመለስ መሪው መዳፌ ውስጥ ተንሸራቶ መሀል ላይ ቆመ።

ብሎኑና ዳዶው ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሰምሬአለሁ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። ከየረጅም መንገድ በኋላ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። ቅዳሜ ዲጓ ጽዮን እንሄዳለን፤ እማዬ ከኋላ አልቀመጥም ብላለች፣ ከፊት ነው።

ቸር ሰንብቱ።