የቱን ተራራ እናስቀድም?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደሴ ነኝ። የዛሬው ጉዳይ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ስብሰለሰልበት የኖርኩት ነው። ለዱር እንስሳት መሬት ሲከለል የትኛው ቦታ ይቅደም? በምን መለኪያ?

በጥበቃ ጉዳይ በቃል ደረጃ ሁላችንም እንስማማለን። ደን ይጠበቅ፣ አውሬው ይጠበቅ ሲባል አልፈልግም የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ጭቅጭቁ የሚመጣው ብሩም፣ የዱር እንስሳት ጠባቂው (ስካውቱ)ም፣ መኪናውም ለአንድ ቦታ ብቻ ሲበቃ ነው። ያኔ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን "አንተ ትንሽ ቆይ" ማለት ግድ ነው። ይሄ ደግሞ ይከብደናል። ይሉኝታ አለ። የየወረዳው ኩራት አለ። ስለዚህ ያለችንን ለሁሉም በትንሽ በትንሹ እንበትናለን፤ የትም ሳይጠና ይቀራል።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ድሮ በአገር ደረጃ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ደኖች ተብለው 58 ቦታዎች ተለይተው ነበር። የእኛው የኮምቦልቻው "የጎፍ" የሚባለው ደን አንዱ ነው። ጥናቱ የተለፋበት ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን 58 ቦታ በአንዴ ቅድሚያ ሊያገኝ አይችልም። ብዙዎቹ ወሰናቸው በሕግ ሳይጸድቅ ቀርቷል፤ እርሻውም ግጦሹም እየቆረሰ ገብቶባቸዋል። ከ58ቱ መጀመሪያ የትኛው፣ ቀጥሎስ የትኛው የሚለው ነበር ከባዱ ሥራ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ1963 በእንግሊዛዊው ጁሊያን ሃክስሊ የሚመራ የዩኔስኮ ቡድን ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ፓርኮች ይቋቋሙ ብሎ ምክር ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የተከለሉትን ቦታዎች ብታዩ ብዙዎቹ የተመረጡት በአንድ ትልቅ እንስሳ ነው። ሰሜን ተራሮች በዋልያ፣ ሰንቀሌ በቆርኬ። በጊዜው ይሄ ምክንያታዊ ነበር፤ ዋልያው ሊያልቅ የደረሰ እንስሳ ነው።

ችግሩ ወሰኑ ሲሰመር ታየ። ሰሜን ፓርክ በ1969 በሕግ ሲቋቋም ዋልያው የሚውልበትን ገደል ተከትሎ ነው የተሰመረው። ከዚያ ባሻገር ያለው ከፍታ፣ ቀይ ቀበሮው የሚኖርበት ስልኪና ራስ ዳሽን፣ ውጭ ቀረ። በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። እዚያ ለመድረስ ወሰኑን እንደገና ማስመር፣ እነዚያን ከፍታዎች መጨመር፣ የግጭ መንደርን ሰዎች ወደ ደባርቅ ማዛወር አስፈልጓል። ዛሬ ፓርኩ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ሰው ከቀዬው ሳይነሳ፣ ያ ሁሉ ዓመት ሳይባክን፣ መጀመሪያውኑ አስፍቶ ማሰብ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ።

እሺ፣ ታዲያ እንዴት ይመረጥ? በ2000 ማርጉለስ እና ፕሬሲ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። የጥበቃ ዕቅድ የሚሠሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። እኔ ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይዤ ቀርቻለሁ። ይህ ቦታ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ይተካዋል ወይ? ካልጠበቅነውስ ምን ያህል በቶሎ ይጠፋል? የማይተካና ጊዜ የማይሰጥ ከሆነ እሱ ይቀድማል።

ይሄንን በሦስት ተራራ እንየው፤ የፈጠርኩት ነው። አንደኛው ላይ ስድስት ዓይነት ብርቅዬ እንስሳት አሉ። ሁለተኛው ላይ አምስት አሉ፤ ግን አምስቱም አንደኛው ላይ ካሉት ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሁለት ብቻ፤ ሁለቱም ግን ሌላ የትም የሉም። ለሁለት ተራራ የሚሆን ገንዘብ አላችሁ። አብዛኛው ሰው ስድስትና አምስት ትልልቅ ቁጥር ስለሆኑ አንደኛውንና ሁለተኛውን ይመርጣል። ውጤቱ ስድስት ዓይነት ነው። አንደኛውንና ሦስተኛውን የመረጠ ግን ስምንቱንም ያተርፋል። ቦታዎች የሚመዘኑት ተደጋግፈው ነው። ለየብቻ ነጥብ ሰጥቶ ከላይ ወደታች መደርደር ያሳስታል። ለዚህ ሥራ ማርክሳን የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ በብዙ አገር ይጠቀሙበታል። ዋናው ሐሳብ ግን በወረቀትና በእርሳስም ይሠራል።

አሁን ወደ ወሎ። በእኔ ሚዛን የሚቀድመው ከገብስ እርሻው በላይ ያለው ውርጭ ነው፤ በጣም ቀዝቃዛውን ከፍታ ማለቴ ነው። ለምሳሌ የደቡብ ወሎዋን ደላንታ ወረዳ እንውሰድ። ደላንታ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ኦፓሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከላይ ያለው ሜዳ ነው። ጓሳ የሚባለው ሣር ጉልበት ድረስ ይደርሳል። የአስታ ቁጥቋጦው አልፎ አልፎ ነው፣ ረጅሙ የጅብራ ተክል ብቻውን ቆሟል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ቀይ ቀበሮው ለብቻው ይወጣል። ጆሮውን ቀስሮ ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ሆዱን ከመሬት ያስጠጋል፣ ከዚያ ይወረወራል። አይጥ ነው የሚያድነው። የሚኖረው በቡድን ነው፤ አደን ግን ለየግሉ ይወጣል። ሣሩ ከሌለ አይጡ የለም፣ አይጡ ከሌለ እሱም የለም። ይሄን እንስሳ በጣም ነው የምወደው፤ አልደብቃችሁም።

በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ። ከጎጃሙ ጮቄና ከጉና ጠፍቷል። ሰሜንና ደቡብ ወሎ የቀሩት ጥቂት ቡድኖች ናቸው።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። "ብዙው ባሌ ካለ ገንዘቡን ባሌ ላይ አናፈሰውም? ወሎ ያሉትን ጥቂቶች ምን አስለፋን?" ይባላል። ጥያቄው ተራ አይደለም፤ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባሌ በእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተመትቷል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ ከዚያም በኋላ። በሽታው በገባባቸው ቡድኖች ከግማሽ በላዩ ያለቀበት ጊዜ አለ። ሁሉንም አንድ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈራል። ሁለተኛ፣ የሰሜኑና የደቡቡ ቀበሮ በስምጥ ሸለቆ ተለያይተው የኖሩ ናቸው፣ በዘርም ይለያያሉ። የወሎውን ባሌ አይተካውም። ቅድም ያልኩት ሦስተኛው ተራራ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ ቅድሚያ ሲባል ምን ይሠራ? ብዙ ጊዜ ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ታፔላና ቢሮ ነው። ለእኔ ቀዳሚው የውሻ ክትባት ነው። እረኛ ሲወጣ ውሻው አብሮት ይወጣል፣ በሽታውም አብሮ ይወጣል። ባሌ ላይ በ2018 ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በምግብ መልክ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። እኛ ዘንድ ደግሞ የመንደሩን ውሻ መከተብ ለሰውም ይጠቅማል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ልጅ የቀማው ቤተሰብ ይሄን ሲነግሩት ደጋግመው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ ገብሱ ነው። እርሻው በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ያለው መሬት ሲታጠብ ሰው ሌላ የት ይሂድ? አንድ ቀን መናኸሪያ አካባቢ ቡና ስጠጣ ከደላንታ ከመጡ አንድ አባት ጋር ተጫወትን።

"አባባ፣ እናንተ አገር ቀይ ቀበሮ አሁንም ይታያል?" አልኳቸው።

"አለች እንጂ የኔ ልጅ! ከብት ስናወጣ እናያታለን። ግልገል ላይ አንዳንዴ ታስቸግራለች እንጂ ሐሳቧ አይጥ ላይ ነው።"

"ሣሩ ይዘጋ ቢባልስ፣ አንቱ ምን ይላሉ?"

"መዝጋቱን እናውቅበታለን" አሉኝ። "የሚያስመርረን መቼ እንደሚከፈት፣ ለማን እንደሚከፈት የሚነግረን ማጣት ነው።"

ከዚህ የተሻለ የዕቅድ ምክር አልሰማሁም። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ የኖረው ሥርዓት እኮ ይኸው ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል። ሣሩ ሲደርስ የሥርዓቱ ኃላፊ አባ ቄራው ከሕዝቡ ጋር መክሮ ይከፍተዋል፣ ሕዝቡም ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ያጭዳል። ከ1975 የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር፤ ሕዝቡ በኮሚቴ መልሶ አቆመው። በ2012 ደግሞ በክልሉ ሕግ የማህበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ አሉ። ወሎ ውስጥ ይሄን ለመሥራት ከውጭ የምናመጣው ነገር የለም።

እዚሁ ደቡብ ወሎ ስላለው ቦረና ሳይንትም ትንሽ ልበል። ይሄ ፓርክ ሲጀመር 5 ሺህ ሄክታር እንኳን አይሞላም ነበር፤ በኋላ ወደ አጎራባቹ ወረሂመኖ ሰፍቷል። የሚያስደስተኝ ስፋቱ ብቻ አይደለም። ከታች ከደንቆሮ ጫካ ተነስቶ እስከ ውርጩ ድረስ ያልተቆረጠ መሆኑ ነው። ጉሬዛው ታች ነው፣ የምኒልክ ድኩላው መሐል ነው፣ ጭላዳውና ቀበሮው ላይ ናቸው። አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ዕፅዋቱም እንስሳቱም ወደ ላይ ይሸሻሉ። መሸሻው ተያይዞ ካልተከለለ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ጫፍ የደረሰው ደግሞ ከዚያ በላይ የሚሄድበት የለም። ለዚህ ነው ከታች እስከ ላይ የተያያዘ ቦታ ከተበጣጠሰ ሰፊ ቦታ ይበልጥብኛል የምለው።

ይሄ ለአገራት ስምምነትም ይሠራል። በ2022 መጨረሻ ሞንትሪያል ላይ አገሮች እስከ 2030 ድረስ ከየብሱም ከባሕሩም 30 በመቶውን ለመጠበቅ ተስማምተዋል። ደግ ሐሳብ ነው። ግን ፐርሰንት ለመሙላት ከተሮጠ የሚመረጠው ማንም የማይፈልገው መሬት ነው። ገብስና ቀበሮ የሚሻሙበት ሜዳ ካርታው ላይ ትንሽ ነጥብ ስለሆነች ትዘለላለች።

አሁን ከባዱን ልናገር፤ የኮምቦልቻ ልጆች እንዳትቀየሙኝ። የጎፍን "ቆይ" እላለሁ። ማለቴ፣ የዱር እንስሳት ገንዘብ አንድ ቦታ ብቻ ከበቃ ደላንታ ይቀድማል። የጎፍ ላይ የቀረው የሐበሻ ጽድና ወይራ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ጋር ተቀላቅሎ ነው ያለው፣ የሚተካከለው ሌላ ደንም ይገኛል። ግን ከታቹ አንድ ትልቅ ከተማ ተኝቷል፤ ፋብሪካው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ የቦርከና ወንዙ። ያ ዳገት ቢራቆት ጎርፉ የሚወርደው ከተማው ላይ ነው። ስለዚህ የጎፍ የሚጠበቅበት ምክንያት ውሃና አፈር ነው፣ ገንዘቡም መምጣት ያለበት ውሃውን ከሚጠጣውና ከጎርፉ ከሚድነው ከተማና ፋብሪካ ነው። የቀበሮን በጀት የጎፍ ላይ፣ የጎፍን ጉዳይ ቀበሮ ላይ ስንጭን ሁለቱም ይጎዳሉ።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚጻፈው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። በወረዳም በዞንም የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ እባካችሁ ዘንድሮ የደላንታን የውሻ ክትባት በመጀመሪያው መስመር ጻፉት። ቀጥሎ ሜዳው መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቀን ቁረጡ። የወሰን ችካሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።