ሰባቱና ስምንቱ

እንደምን አመሻችሁ። ኋላ የቆማችሁ ግቡ እንጂ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ አንድ የፈረንሳይ ክለብ አውራልን» ነው ያሉኝ። ግማሻችሁ ስለ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን ሊያወራ ነው ብላችሁ እንደመጣችሁ ገብቶኛል፣ ማሊያውን የለበሰም ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ይቅርታ ወንድሜ። እኔ ሊዮንን ይዤ ነው የመጣሁት። ኦሎምፒክ ሊዮን። ከመሀላችሁ ሃያ ዓመት ያልሞላው «ሊዮን ደግሞ ምን አሸንፎ ያውቃል?» ይል ይሆናል፣ ፀጉራችሁ ሸበት ያለው ደግሞ ገና ስሙን ስጠራ ጁኒንሆ ትዝ ብሏችኋል። ሁለታችሁንም ልከራከር ነው የመጣሁት።

ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እየቀነሳችሁ አትድከሙ።

ሊዮን ሮን እና ሶን የሚባሉ ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት፣ በሐርና በምግብ ስሟ የገነነ ከተማ ናት። በኳስ ግን ለረጅም ጊዜ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው የከሰል ማዕድን ከተማ ሴንት ኤቲየን አሥር ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ስትሆን ሊዮን አንድም የሊግ ዋንጫ አልነበራትም። ሴንት ኤቲየኖች «በኳስ ሊዮን የኛ ዳር ሰፈር ናት» እያሉ ይሳለቁ ነበር። ጎረቤት ሲስቅብህ እንዴት እንደሚያንገበግብ እናንተ ታውቃላችሁ።

በ1987 ዣን ሚሼል ኦላስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነጋዴ ክለቡን ተረከበ። ክለቡ ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ነበር። ኦላስ ስለ ኳስ ብዙ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ሒሳብ ግን ያውቃል። በ1989 አንደኛ ዲቪዚዮን ገቡ፣ አሰልጣኙ ያ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ መላ ፈረንሳይን ያናደደው ሬይሞን ዶሜኔክ ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ ቀስ እያሉ ወጡ። በ1999 ብራዚላዊውን አጥቂ ሶኒ አንደርሰንን ከባርሴሎና ሲያመጡ ነው ሰው «እነዚህ ሰዎች ምን አስበው ነው?» ማለት የጀመረው።

አሁን ወደ ሜይ 4፣ 2002 እንሂድ። የሊጉ የመጨረሻ ቀን ነው። ሌንስ በአንድ ነጥብ ይመራል። እና የመጨረሻው ጨዋታ ከማን ጋር ሆነ መሰላችሁ? ከሊዮን ጋር፣ ያውም በሊዮን ሜዳ፣ በዠርላን ስታዲየም። ሌንስ አቻ ቢወጣ ይበቃዋል። እንዲህ ያለ የጨዋታ መርሐ ግብር በዓመታት አንዴ ቢገጥም ነው። ገና በሰባተኛው ደቂቃ ሲድኒ ጎቩ አገባ፣ ቪዮሎ ጨመረ፣ ሌንስ አንድ መለሰ፣ ከእረፍት በኋላ ሌግል ሦስተኛውን ጨረሰ። 3 ለ 1። የክለቡ የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫ።

ከዚያ በኋላ ዋንጫው ከሊዮን አልወጣም። 2002፣ 2003፣ 2004፣ 2005፣ 2006፣ 2007፣ 2008። ሰባት ተከታታይ ዓመት! በፈረንሳይ ወንዶች ሊግ ከዚያ በፊት ማንም አላደረገውም፣ ያ ሁሉ የኳታር ገንዘብ የፈሰሰበት ፓሪስም ሰባት በተከታታይ አልደረሰም። ደግሞ ልብ በሉ፣ በነዚህ ሰባት ዓመታት አራት አሰልጣኝ ተፈራርቋል። ሳንቲኒ አንድ፣ ለ ጉዌን ሦስት፣ ኡሊዬ ሁለት፣ ፔራን አንድ። ፔራን እንዲያውም የፈረንሳይን ዋንጫ ደርቦ ወስዶ በዚያው ክረምት ተሰናበተ። ሁለት ዋንጫ አምጥተህ ትባረራለህ፣ ሊዮን ያኔ እንዲህ ቅንጡ ነበር።

ተጫዋቹም እንደዚያው ነው። የኦላስ ብልሃት ከትናንሽ ክለቦች መግዛት፣ ማሳደግ፣ ከዚያ ለሀብታም መሸጥ ነበር። ኤሲየን ከባስቲያ መጥቶ ወደ ቼልሲ ሄደ። ማሉዳ ከጋንጋ መጥቶ እሱም ወደ ቼልሲ። ማሃማዱ ዲያራ ወደ ሪያል ማድሪድ፣ አቢዳል ወደ ባርሴሎና። እዚያው የሊዮን ዳር ሰፈር ብሮን ያደገው ቤንዜማ በ2009 ወደ ማድሪድ። በየክረምቱ አንድ ምሰሶ ይሸጣል፣ ቤቱ ግን አይወድቅም። እኔ ያን ጊዜ ሊዮን ከዓመት ዓመት እንዴት እንደማይናጋ ግራ ይገባኝ ነበር። ሰባቱንም ዋንጫ ሲያነሱ ከነበሩት መሀል ግብ ጠባቂው ኩፔ አለ፣ ጎቩ አለ፣ እና እሱ አለ።

እሱን ደግሞ ዝም ብዬ አላልፈውም። ጁኒንሆ ፔርናምቡካኖ። በ2001 ከቫስኮ ዳ ጋማ መጣ፣ እስከ 2009 ቆየ፣ ለሊዮን መቶ ጎል አገባ። ከመቶው 44ቱ ከቅጣት ምት ናቸው። ስሙኝማ፣ አርባ አራት! ዛሬ አንድ ተጫዋች በዓመት ሁለት ቅጣት ምት ቢያገባ ቪዲዮው ለወር ይዞርልናል። ጁኒንሆ ኳሷን ሲመታት አትሽከረከርም። ቀጥ ብላ ትሄድና ግብ ጠባቂው ጋ ስትደርስ ሐሳቧን ትቀይራለች። በ2003 ሙኒክ ላይ ኦሊቨር ካን ሲወረወር ከቋሚው ጋር ተላትሞ ኳሷም መረቡ ውስጥ ነበረች። ካን ማለት የዓለም ዋንጫው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ዓመት ከምናምን ያለፈው ሰው ነው እንግዲህ። ሊዮን ያን ማታ ባየርንን በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ።

አንድ ስም ቀስ ብዬ ልጥራ። ማርክ ቪቪየን ፎኤ። ካሜሩናዊው አማካይ በ2002 የመጀመሪያውን ዋንጫ ካነሱት አንዱ ነበር። በውሰት ማንቸስተር ሲቲ ሄዶ ተጫወተ። ጁን 26፣ 2003 ለሀገሩ ከኮሎምቢያ ጋር በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ሲጫወት፣ በዚያው በዠርላን፣ ዋንጫ ባነሳበት ሜዳ፣ ማንም ሳይነካው ወደቀ፣ በዚያው ሞተ። 28 ዓመቱ ነበር። ክለቡ 17 ቁጥር ማሊያን አነሳው፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ካሜሩናዊ፣ ማኩን፣ ለክብሩ ብሎ እስኪለብሰው ድረስ።

እሺ። ሰባት ዋንጫ፣ ጁኒንሆ፣ ኤሲየን፣ ቤንዜማ። እና ታዲያ ቻምፒየንስ ሊግስ? እዚህ ላይ ነው የሚያመው። በ2004 ሩብ ፍፃሜ ላይ በፖርቶ ወደቁ። በ2005 በፒኤስቪ፣ በመለያ ምት። በ2006 ደግሞ ከሚላን ጋር... ያን ማታ እኔ ከፍለን ኳስ ከምናይበት ቤት ነበርኩ፣ አጠገቤ ካለ የሚላን ደጋፊ ጋር በምሳ ተወራርጄ። ሚላኖ ላይ 1 ለ 1 ነው፣ የመጀመሪያው ጨዋታ 0 ለ 0 ስለነበር በዚያው ቢያልቅ፣ ያኔ በሰው ሜዳ የተገባ ጎል ስለሚበልጥ፣ ሊዮን ያልፋል። 88ኛው ደቂቃ ላይ ኳሷ ቋሚ መታች፣ ተመልሳ ሄዳ ኢንዛጊ እግር ስር አረፈች። ኢንዛጊ ሁልጊዜ ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ማን እንደሚነግረው እንጃ። ከዚያ ሼቭቼንኮ ደገመ። ምሳውን ገዛሁ። የበላው ክትፎ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ2010 ግማሽ ፍፃሜ ደረሱ፣ ባየርን መለሳቸው። በ2020 ማንቸስተር ሲቲን 3 ለ 1 አስደነገጡና ግማሽ ፍፃሜ ላይ እንደገና ባየርን። ሊጉንም በ2009 ቦርዶ ወሰደው፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ሊዮን ወንዶች አልተመለሰም። በ2012 የፈረንሳይን ዋንጫ አነሱና ብዙ ዓመት ባዶ እጃቸውን ከረሙ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ታሪኩን ይዘጋዋል። «ነበሩ፣ አለፉ» ይላል። የኔ ክርክር እዚህ ይጀምራል።

በ2020 ኦገስት ወንዶቹ በባየርን 3 ለ 0 ተሸንፈው ወደ ቤታቸው በተመለሱ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ያው ክለብ፣ ያው ማሊያ፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ሴቶቹ ቮልፍስበርግን 3 ለ 1 አሸንፈው። ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ! 2016፣ 2017፣ 2018፣ 2019፣ 2020። ከዚያ በፊት 2011 እና 2012፣ ከዚያ በኋላ 2022። ስምንት። በሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ ታሪክ ስምንት የደረሰ ሌላ ክለብ የለም። በሀገር ውስጥ ሊግማ ከ2007 እስከ 2020 አሥራ አራት ዓመት በተከታታይ ወስደውታል። ወንዶቹ ሰባት ሲወስዱ ዓለም ጉድ አለ፣ ሴቶቹ እጥፉን ሲወስዱ ስንቶቻችን ሰማን? እኔም አልሰማሁም ነበር፣ አልዋሽም። ምሳ ከተወራረድኩ በኋላ ባሉት ዓመታት ሴቶቹ ዋንጫ እያነሱ ነበር፣ ስማቸውን እንኳ አላውቅም።

እንዴት ሆነ? ኦላስ በ2004 ኤፍሲ ሊዮን የሚባል የሴቶች ቡድን ወስዶ ከክለቡ ጋር አዋሐደ። ከዚያ ብዙዎች ያላሰቡትን አደረገ። እንደ ሙያተኛ ከፈላቸው። የመለማመጃ ሜዳ፣ ሐኪም፣ ጂም ሰጣቸው። ሌሎቹ ክለቦች ሴቶቹን ማታ ማታ ከሥራ መልስ ሲያለማምዱ እዚህ ሥራቸው ኳስ ሆነ። ነጋዴ ነው ብያችኋለሁ፣ ገበያው ገና ርካሽ እያለ ገባ። «ተቀናቃኝ ስለሌላቸው ነው ያሸነፉት» የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። እሺ፣ ግን ያኔ ፓሪስም፣ ማድሪድም፣ ማንቸስተርም ከሊዮን የበለጠ ገንዘብ ነበራቸው። ማን ከለከላቸው?

ደግሞ በቀላሉ የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ2010 የመጀመሪያ ፍፃሜያቸውን በመለያ ምት በፖትስዳም ተሸነፉ። በ2017 ካርዲፍ ላይ ከፓሪስ ጋር 0 ለ 0፣ መለያ ምቱ ረዝሞ ረዝሞ ግብ ጠባቂዎቹ ላይ ደረሰ። የፓሪሷ ግብ ጠባቂ ሳተች። የሊዮኗ ሳራ ቡሃዲ መጥታ አገባች፣ አለቀ። በ2018 ኪየቭ ላይ 90 ደቂቃ ያለ ጎል፣ በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ቮልፍስበርግ አገባ። ሌላ ቡድን ቢሆን ይሰበራል። ቮልፍስበርጎች ቀይ ካርድ አዩ፣ ከዚያ ሄንሪ በ98ኛው፣ ለ ሶሜ በ99ኛው፣ ሄገርበርግ በ103ኛው ደቂቃ። ስድስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሦስት ጎል፣ መጨረሻው 4 ለ 1።

አዳ ሄገርበርግ ኖርዌያዊት ናት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሴቶች የተሰጠውን የመጀመሪያውን ባሎን ዶር ወሰደች። መድረክ ላይ ግን አስተዋዋቂው ዳሌዋን እያወዛወዘች መደነስ ትችል እንደሆነ ጠየቃት። ጥያቄው ይታያችኋል? «አይ» ብላ መለሰች። በቀጣዩ ሜይ ቡዳፔስት ላይ ባርሴሎናን ስትገጥም በ14ኛው፣ በ19ኛውና በ30ኛው ደቂቃ አገባች። ሃትሪክ፣ በቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ፣ ገና እረፍት ሳይወጡ። መልሱ ይሄ ነው ብዬ ነው እኔ የምወስደው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። «የሊዮን የምንጊዜም ታላቅ ተጫዋች ማን ነው?» ብትሉኝ ከአሥር ዓመት በፊት ቢሆን ሳላስብ ጁኒንሆ ነበር የምለው። ዛሬ ዌንዲ ሬናር እላለሁ። ሬናር የተወለደችው ካሪቢያን ውስጥ፣ ማርቲኒክ ደሴት ላይ ነው። ልጅ ሆና ባሕር ተሻግራ ፈረንሳይ መጣች፣ ለብሔራዊው ማሰልጠኛ ማዕከል ክሌርፎንቴን ተፈትና አላለፈችም። «አትበቂም» የተባለችው ልጅ ወደ ሊዮን ሄደች፣ አሰልጣኙ ፋሪድ ቤንስቲቲ አያት፣ ያዛት። በ2006 ነው፣ 16 ዓመቷ። ተከላካይ ናት፣ 1 ሜትር ከ87፣ የማዕዘን ምት ሲመታ ከሁሉም በላይ የምትታየው ጭንቅላት የሷ ነው። በ2011 የመጀመሪያውን የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ሲያነሱ፣ ለንደን ላይ ፖትስዳምን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ አንዷን ያገባችው እሷ ናት። ስምንቱም ዋንጫ ሲነሳ ነበረች። ስምንቱም! ብዙዎቹን እንደ አምበል። ጁኒንሆ ስምንት ዓመት ቆየ፣ ወንዶቹ በየክረምቱ ወደ ቼልሲና ማድሪድ ሲሸጡ እሷ እዚያው ቆየች።

«ወንድና ሴት አይወዳደርም» የሚል ካለ ይሁን፣ እጅህን አውርድ፣ ኋላ እንነጋገራለን። እኔ ያወዳደርኩት ለአንድ ክለብ ምን አመጡለት በሚለው ነው። በዚያ ሚዛን ጎንበስ የሚለው ሰሃን የሷ ነው።

ክለቡ ዛሬ ብዙ ተቀይሯል። በ2016 ከዠርላን ወጥተው ዴሲን ወዳለው 59 ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ስታዲየም ገቡ። ኦላስ በ2022 መጨረሻ ለአሜሪካዊው ጆን ቴክስተር ሸጠ። በ2025 ክረምት የወንዶቹ ቡድን በዕዳ ምክንያት ወደ ሁለተኛ ሊግ እንዲወርድ ተፈርዶበት ነበር፣ ይግባኝ ብለው ለጥቂት ተረፉ። ያን ይግባኝ ፕሬዚዳንት ሆና የተከራከረችው ሚሼል ካንግ ናት፣ ቀድሞ የሴቶቹን ቡድን የገዛችው ሴት። እናንተ ሳቁ፣ እኔ ግን ዜናውን ሳነብ ከልቤ ነው የሳቅሁት።

በቃ ጨርሻለሁ። ቡናው እዚያ ጥግ ተፈልቷል። የጁኒንሆን ቅጣት ምት በስልኬ ይዣለሁ፣ የሬናርንም ጎሎች ይዣለሁ፣ ሊከራከረኝ የሚፈልግ ስኒውን ይዞ ይምጣ። በምሳ ግን አልወራረድም።