ጎራዴ በሁለት ቀን አይለመድም
በክለባችን ዓመታዊ የወላጆችና የሠልጣኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ሠልጣኞቻችን፣ አብራችሁኝ የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ሳሙራይ፣ ማለትም ስለ ድሮዎቹ የጃፓን ጦረኞች፣ ባህልና ስለ ጃፓን የጎራዴ ጥበብ አጠር ያለ ገለጻ እንዳደርግ ጠይቀውኛል። አደርጋለሁ። ዛሬ የቆምኩት ግን አንድ ሆዴን የበላኝ ጉዳይ ስላለ ነው፤ በሁለት ቀን ሥልጠና ለልጆቻችን ስለሚታደለው የጎራዴ ማዕረግ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን እርስ በርስ ትዋጋ ነበር። በዚያ ዘመን ካሚኢዙሚ ኖቡትሱና የሚባል የጎራዴ ሊቅ ነበር። ስለ እሱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ታሪክ አለ። በጉዞ ላይ ሳለ አንድ መንደር ይደርሳል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጯጯሃል። ለካ አንድ ወንበዴ ሕፃን ልጅ ይዞ ጎጆ ውስጥ ገብቷል። የቀረበ ሰው ካለ ልጁን እገድላለሁ እያለ ይዝታል። ወላጆቹ ደጅ ላይ ይንሰፈሰፋሉ፤ ደፍሮ የሚገባ ጠፋ።

ካሚኢዙሚ ጎራዴውን አልመዘዘም። እዚያ የነበረ መነኩሴ ልብሱን እንዲያውሰው ለመነ። ጸጉሩን ተላጨ። ሩዝ አድበልብለው እንዲሰጡት ጠየቀ። ከዚያ መሣሪያ ሳይዝ፣ መነኩሴ መስሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ጎጆው ተጠጋ። ልጁ እንደራበው ለወንበዴው ነገረውና አንዱን ሩዝ ለልጁ ወረወረ። ሁለተኛውን ለወንበዴው። ሰውየው ሊቀልብ እጁን ሲዘረጋ ካሚኢዙሚ ዘሎ አነቀው። ልጁ ተረፈ። መነኩሴውም ከመደነቁ የተነሳ የምንኩስና ልብሱን እዚያው ሸለመው ይባላል።

ለልምምድ የሚሆን፣ ቀርከሃ ተሰንጥቆ ቆዳ የለበሰ ጎራዴ የፈጠረውም ካሚኢዙሚ ነው ይባላል። ከዚያ በፊት ልምምዱ በደረቅ እንጨት ስለነበር ስንቱ አካሉ ጎድሏል።

በ1563 ያግዩ ሙኔዮሺ የሚባል ጦረኛ ከዚህ ሊቅ ጋር ተገናኘ። ሙኔዮሺ ጀማሪ አልነበረም። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ጦር ሜዳ የዋለ፣ በአካባቢው ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ገጠመና ተሸነፈ። ወዲያው ተማሪ ልሁን አለ። ጥበቡን ለመያዙ የምስክር ወረቀት ከመምህሩ ያገኘው በ1565 ነው። በ1594፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ በኋላ ጃፓንን በገዛው በቶኩጋዋ ኢያሱ ፊት ባዶ እጁን ቆሞ ጎራዴ እንዴት እንደሚቀማ አሳየ። ኢያሱ አስተማሪዬ ሁን ቢለው ዕድሜውን ምክንያት አድርጎ ልጁን ሙኔኖሪን ሰጠው። ሙኔኖሪ ቆይቶ የሾጉኖች፣ ማለትም የጃፓን ወታደራዊ ገዢዎች፣ መምህር ሆነ።

ልብ በሉልኝ! በጦርነት ያደገ፣ ስም ያለው ሰው፣ ከዘመኑ ታላቅ መምህር ያንን ወረቀት ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል።

እኛ ጋ ስንት ቀን ፈጀ? ሁለት ቀን! ባለፈው ዓመት «ማስተር» ነኝ ያለ ሰው መጣ። ሆቴል አዳራሽ ተከራየ። ቅዳሜና እሁድ አሠለጠነ፣ ሰኞ ዳን፣ ማለትም የችሎታ ማዕረግ፣ አደለ። ገንዘቡን የከፈላችሁት እናንተ ወላጆች ናችሁ። ተበድረው የከፈሉም እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። አንዱ ልጃችን ያንን ሰርተፍኬትና ስል ጎራዴ ይዞ ወደ ክለባችን መጣ። ብረቱን ወደ አፎቱ ሲመልስ የገዛ እጁን ሰነጠቀው። መመለስ ማንም አላስተማረውም! መምዘዙን ብቻ ነው ያሳዩት፤ ለቪዲዮ የሚያምረው እሱ ነዋ።

በልጁ አልተናደድኩም። የተናደድኩት ወረቀቱ ላይ በፈረመው ሰው ነው። ይህ ሌብነት ነው! የልጆቻችንን ጉጉት አይቶ መዝረፍ ነው። አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አሠልጣኝም ተባባሪ ነው። ይህን ስል ቅር የሚላችሁ ባልደረቦቼ ካላችሁ፣ ቅር ይበላችሁ።

በኬንዶ፣ በቀርከሃ ጎራዴ በሚደረገው የጃፓን ግጥሚያ፣ ስምንተኛ ዳን ለመፈተን ሰባተኛውን ካገኙ በኋላ 10 ዓመት መቆየት ግድ ነው፤ ዕድሜም ቢያንስ 46 መሆን አለበት። ከተፈታኞቹ የሚያልፈው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነው። የወደቀው በቀጣዩ ፈተና ተመልሶ ይሰለፋል። አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ ተፈትኖ ሳያልፍ ይሞታል። ማንም አያፍርበትም።

ልጄ ጠበኛ ይሆናል ብለው ለሚሰጉ ወላጆችም አንድ ነገር ልበል። የጃፓን መንግሥት በ1876 ጎራዴ ታጥቆ መውጣትን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ የቆየው በትምህርት ነው። ልጆቻችሁ መጀመሪያ የሚማሩት አቀማመጥ፣ ሰላምታና አረማመድ ነው። በኢያይዶ፣ ማለትም ጎራዴ መዝዞ ወደ አፎቱ በመመለስ ልምምድ፣ የሚይዙትም ስለት የሌለው የመለማመጃ ጎራዴ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ክለባችን ከዛሬ ጀምሮ በአጭር ሴሚናር የተሰጠ ዳን እንዳይቀበል። ወረቀቱን የያዙ ልጆች ሳይሸማቀቁ ከጀማሪዎች ጋር ይሰለፉ፤ የመጀመሪያ ወራት ክፍያቸውን ክለቡ ይቻልላቸው። ስል ጎራዴ ያለ አሠልጣኞች ፈቃድ ደጃችንን አይለፍ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ተዘጋጅቷል። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።