ጥፋቱ የጎማው ነው

ዳዊት፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጀርባ የምትሰሙት ጉርምርምታ የቬንትሌተሩ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ያለ እሱ ድምፅ መቅዳት አይታሰብም።

ሰሚራ፦ ታይዋን ገበያ፣ እዚሁ ድሬ፣ ወርደህ ሌላ የጆሮ ማዳመጫ ገዛህ አሉ። ስንተኛው ነው?

ዳዊት፦ ዘንድሮ ሦስተኛው። የመጀመሪያው ገመዱ ከመሰኪያው ሥር ተበጥሶ አንድ ጆሮ ብቻ ሆነ። ሁለተኛው አልተበላሸም፣ ድምፁ ነው ያስጠላኝ። ቤዝ ጊታሩ የለም፤ ከበሮው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ነው። ሦስተኛውን ገና ከካርቶኑ አላወጣሁትም።

ሰሚራ፦ ያስጠላህን ይዘኸዋል? አሳየኝ እስቲ። ይህ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ጎማ አብሮት የመጣው ነው?

ዳዊት፦ አዎ። ሌሎች ጎማዎችም ነበሩት፤ መለዋወጫ መስለውኝ መሳቢያ ውስጥ ጣልኳቸው። ይኸው።

ሰሚራ፦ መለዋወጫ አይደሉም፣ የተለያየ ልክ ናቸው፤ እንደ ጫማ ቁጥር። መካከለኛው ተገጥሞ ይመጣል፣ ትንሹና ትልቁ በላስቲክ ይታሸጋሉ። ጎማው ከጠበበብህ በጎኑ ክፍተት ይቀራል፤ በዚያ ክፍተት ቀድሞ የሚያመልጠው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ትልቁን ግጠመው። አሁን ጆሮህን በሌላኛው እጅህ ወደ ላይ ሳብ አድርግና አስገባው።

ዳዊት፦ ቆይ... ቆይ። ይህ ቤዝ የት ነበር?

ሰሚራ፦ መሳቢያህ ውስጥ።

ዳዊት፦ ግራው ግን አጥብቆ ይዞኛል።

ሰሚራ፦ ለግራው መካከለኛውን መልስለት። የሁለቱ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ያልሆነ ሰው ብዙ ነው።

ዳዊት፦ ሱቅ ውስጥ የሰማሁት እኮ ሌላ ነበር። ባለሱቁ በራሱ ስልክ ሲያሰማኝ ደረቴ ድረስ ነበር የሚመታው።

ሰሚራ፦ ከፍ አድርጎ ነዋ! ሁለት ማዳመጫ አስቀምጠህ አንዱን ትንሽ ጮክ ብታደርገው፣ ጆሮ የጮኸውን ይመርጣል። ስለዚህ የራስህን ማጫወቻ ይዘህ ሂድ፤ በቃልህ የምታውቀውን ዘፈን ክፈት፤ ድምፁን መካከል ላይ አድርገው። እኔ ዑድ ያለበት ዘፈን እመርጣለሁ። ጣት ጅማቱን ሲለቅ የምትሰማዋ ትንሽ ጭረት ካልደረሰችኝ አልገዛም። ቀጥሎ የዘፋኙን «ሰ» እና «ሸ» አዳምጥ። የጋለ ምጣድ ላይ እንደወደቀ ውኃ ቸስ ቸስ ካለብህ፣ ግማሽ ሰዓት ሳትቆይ ራስህን ያምሃል።

ዳዊት፦ ካርቶኑስ? ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይላል።

ሰሚራ፦ የሁሉም ካርቶን እንደዚያ ይላል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ልክ ስለሆነ ይጽፉታል እንጂ ስለ ጥራቱ የሚነግርህ ነገር የለም። ከካርቶኑ ላይ እኔ የማነበው ኦሙን፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየውን መቋቋም ነው። 16 ወይም 32 ከሆነ ለትንሽ ማጫወቻ ይበቃል። 250 እና 300 ኦም ያላቸው ለስቱዲዮ የሚሠሩ ትልልቆች ናቸው፤ ያንተ ማጫወቻ አይችላቸውም።

ዳዊት፦ ያን ዕለት ደግሞ አንዱን ስሞክር ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን የለም። እርኩስ ዕቃ ነው ብዬ መለስኩት።

ሰሚራ፦ ምናልባት ዕቃው ደኅና ነበር። መሰኪያው እስከ መጨረሻው ካልገባ ወይም ግራና ቀኙ የሚጋሩት መስመር ካልነካ፣ በግራም በቀኝም እኩል ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኩል የሚሆነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኙ ነው። ማይክሮፎን ያለው ማዳመጫ መሰኪያው አራት ክፍል ስላለው በአንዳንድ የቆየ ማጫወቻ ላይ እንዲህ ያደርጋል። ጥቂት ሳብ አድርገህ ብትሞክረው ዘፋኙ ይመለስ ነበር።

ዳዊት፦ የገመዱ መበጠስስ? እኔን የሚያከስረኝ እሱ ነው።

ሰሚራ፦ ገመዱ የሚነቀል ፈልግ። ኬዜድ የተባለው የቻይና አምራች ርካሽ ሆነው ገመዳቸው የሚነቀል ይሠራል፤ ሲበጠስ ገመዱን ብቻ ትቀይራለህ። የማይነቀል ከሆነ መሰኪያው በማዕዘን የታጠፈውን ውሰድ፤ ኪስ ውስጥ ያን ያህል አይሰበርም። ማጫወቻው ላይ ጠምጥመህ ማስቀመጡንም ተው፤ ስታደርግ አይቼሃለሁ።

ዳዊት፦ እሺ፣ እሺ። የመጀመሪያው ከመበጠሱ በፊት ደግሞ ቀኙ ደክሞ ነበር።

ሰሚራ፦ ከጎማው ሥር ድምፁ የሚወጣበትን ወንፊት አይተኸዋል? ላብና የጆሮ ኩክ ይደፍነዋል፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ነው። ጎማውን አውልቀህ በሳሙና እጠበው፣ ወንፊቱን ግን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቀህ ጥረገው። ውኃ አታስነካው።

ዳዊት፦ እንግዲያው ለሦስተኛው ያወጣሁት 400 ብር በከንቱ ነው?

ሰሚራ፦ ካርቶኑ አልተከፈተም አላልክም? ከቀትር በፊት ታይዋን እንድረስ። ከምሳ በኋላ ባለሱቁ በርጫ ላይ ነው፣ አናገኘውም።