ሁሉም ተኝቶ ቆጣሪው ለምን ይዞራል?

[ስክሪን ላይ፦ የውሃ ቆጣሪ ፊት፣ ከቅርብ]

ይህን ቆጣሪ ልብ ብላችሁ እዩት። ከቁጥሮቹ አጠገብ አንዲት ትንሽ መሽከርከሪያ አለች፣ ውሃ ባለፈ ቁጥር ትዞራለች። አሁን ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቷል፣ ልብስ የሚያጥብ የለም፣ ገላውን የሚታጠብም የለም፣ እሷ ግን ቀስ እያለች ትዞራለች። ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው።

ግን ማን አይቶ? ቆጣሪ አንባቢው በወር አንዴ መጥቶ ቁጥሩን ወስዶ ይሄዳል። ቢሉ ሲመጣ የሚነግረን ድምሩን ብቻ ነው። ስንቱ ለልብስ ዋለ፣ ስንቱ በሽንት ቤት በኩል ዝም ብሎ ወረደ፣ አይለይም። ከዚያ ቤተሰቡ እርስ በርሱ መወቃቀስ ይጀምራል።

ስማርት ቆጣሪ ይህን ድምር በሰዓት በሰዓት ይበትነዋል። ቁጥሩን መዝግቦ በሬዲዮ ሞገድ ወይም በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። ከአዳዲሶቹ ብዙዎቹ የሚሽከረከር ነገር የላቸውም፤ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ አንዴ ከውሃው ጋር፣ አንዴ በተቃራኒው ይልኩና በሁለቱ ጉዞ መካከል ካለው የጊዜ ልዩነት የውሃውን ፍጥነት ያሰላሉ።

[ስክሪን ላይ፦ የአንድ ቀን ፍጆታ ግራፍ፣ የሌሊቱ ክፍል በቀይ]

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ያለው መረጃ ነው። ሰው ተኝቷል፣ መስመሩ ዜሮ መንካት አለበት። ካልነካ የሚያፈስ ነገር አለ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለ3 ተከታታይ ቀን ፍሰቱ ካልተቋረጠ የውሃ መስሪያ ቤቱ ራሱ ለደንበኛው ያሳውቃል። ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፦ በደቂቃ 1 ሊትር የሚያፈስ ቧንቧ በቀን 1,440 ሊትር፣ በወር ደግሞ 43 ሜትር ኩብ ያህል ይወስዳል።

ኬፕታውንን እንይ። በ2018 እ.ኤ.አ. ግድቦቿ ሊደርቁ ተቃርበው ነዋሪው በቀን በነፍስ ወከፍ 50 ሊትር እንዲጠቀም ተወሰነ። ያን ጊዜ የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ትምህርት ቤቶች ላይ ስማርት ቆጣሪ ገጠሙ፣ ተማሪ በሌለበት ሌሊት የሚፈሰው ውሃም በግልጽ ታየ። ቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ፣ ተጠገነ፣ ፍጆታው ወረደ።

እዚያው ከተማ ግን የማልወደው ዓይነትም ነበር። በብዙ ድሃ ቤቶች የተገጠመው መሣሪያ ቤቱ በቀን 350 ሊትር ሲጨርስ ውሃውን እስከ ማግስቱ ይዘጋው ነበር። 10 ሰው በሚኖርበት ግቢ ይህ ለአንድ ሰው 35 ሊትር ነው፣ የሚያፈስ ሽንት ቤት ካለ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ቆጣሪ ችግሩን ያሳየን እንጂ ውሃ አይከልክለን፤ በዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶ ያለው ቤት ደግሞ ብዙ ነው። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ከሆነ ሮቶው የሚሞላውም ሌሊት ነው፣ ስለዚህ ሌላ አገር "ሌሊት ከፈሰሰ ያፈሳል ማለት ነው" የሚለው ሕግ እዚህ እንዳለ አይሠራም። ቆጣሪው የሚያየው ሮቶው ሲሞላ ነው፤ ከሮቶው በታች ያለው ሽንት ቤት ቢያፈስ ለብቻው ለይቶ አያየውም። ደግሞ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የነበረው አየር የሚሽከረከረውን ቆጣሪ ያዞረዋል። ስለዚህ ስማርት ቆጣሪ ለእኛ ሲገባ የፈረቃውን ፕሮግራም የሚያውቅ ሲስተም አብሮ መምጣት አለበት፣ አለዚያ ሰው በየሌሊቱ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው መልእክቱን ማንበብ ያቆማል።

እስከዚያው በእጃችሁ ባለው ሞክሩ። ሮቶ ከሌላችሁ ማታ ስትተኙ ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድገሙት፣ ሁለቱን አስተያዩ። ሮቶ ካላችሁ ወደ ሮቶው የሚያስገባውን ቫልቭ ዝጉና የውሃውን ልክ ጎኑ ላይ ምልክት አድርጉበት። ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ግን አታድርጉት፣ ፈረቃው ያመልጣችኋል።

ጠዋት የቆጣሪው ቁጥር ጨምሮ ወይም ሮቶው ጎድሎ ካገኛችሁት መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ጠርጥሩ። የማጠራቀሚያውን ክዳን አንስታችሁ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩ፣ ውሃ ሳትለቁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ ታች መቀመጫው ውስጥ ከታየ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል፣ ይቀየር።